የጅባራ ተረተር ግዝት

ከጓሳ ሥር፣ ኅዳር 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለዶክተር ትሕትና፣ አዲስ አበባ።

እንደምን ሰነበትሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቴም በጎቼም ደህና ናቸው። መሪጌታ መልከ ጼዴቅ እዚህ ላይ ሰላምታ በሰላምታ ሊደርብ ብዕሩን አሹሎ ነበር፤ ከለከልኩት። የተቆጣ ሰው ሰላምታ አያስረዝምም። እሱ ይጽፋል፣ እኔ እናገራለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ መናገር ግን ከማንም አልበደርም።

ስልክ ለምን አላነሣህም ብለሽ በሚኒባስ ነጂው በሽኩር በኩል ላክሽብኝ። ሲጮህ ሰምቼ ነው ያላነሣሁት። አንቺ በወረቀት ያወጣሽውን ነገር እኔ በስልክ አልመልስም። ደግሞ ስልኩ እዚህ ተራራ ላይ ይቆራረጣል፤ ግማሹን ከእኔ ትሰሚና ግማሹን ከራስሽ ትሞዪዋለሽ።

ወረቀትሽን ሽኩር ከሚኒባሱ ወርዶ በእጄ ሰጠኝ፤ መሪጌታ አነበበልኝ። እስከ መካከሉ ድረስ ጥሩ ነው። ያቺ ቢራቢሮ ከእኛ ጅባራ ተረተር በቀር በዓለም ላይ የትም አልታየችም ብለሻል። ይኼን መልሶ እንዲያነብልኝ አደረግሁት። ጥፍር የማታክል፣ ክንፏ ከላይ ሰማይ ከሥር አመድ የሚመስል፣ ዝናቡ ሲወጣ ብቅ ብላ ውርጭ ሲመጣ የምትጠፋ፣ እኛ ስም እንኳ ያላወጣንላት ናት። ለካ ከእኛ ሌላ ጎረቤት የላትም። ከፍተኛ ደረጃ ተሰጥቷታል የሚለውን ሲያነብልኝማ የመሐል ሜዳ ገበያ ድረስ ሄጄ አወራሁት። ኮራሁ።

ከዚያ የሚያሰጋት ነገር የሚለው ዘንድ ደረስን። "አንደኛ፣ የአካባቢው ነዋሪዎች ሣር ማጨድና ከብት ማሰማራት።" መሪጌታን ድገመው አልኩት። ደገመው። የሌላ አገር ወረቀት ተቀላቅሎብህ እንዳይሆን አልኩት። ያው ነው አለኝ።

ትሕትና፣ አንቺ ቤቴ አድረሻል። የኔን ባና ለብሰሽ ነው የተኛሽው። ወደ ተረተሩ ስንወጣ ፈረሴን ሰጥቼሽ እኔ በእግሬ ሄድኩ። ጓሳን ማን እንዳቆየው እየሄድን ነግሬሻለሁ። አያቶቼ ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ሲደርስ ይከፍቱታል፤ ያለ ተራው ማጭድ ይዞ የተገኘውን ሰው ቤቱን ያፈርሱበታል። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬ የጓሳ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ እኔ ነኝ፤ በእኔ ጊዜ ያለ ተራው የታጨደ አንድ ሸክም ሣር የለም። እኛ ያቆየናትን እኛው ልናጠፋት ነው ተብሎ በዓለም ፊት ይጻፍብን?

ተሳስተሽ ከሆነ አርሚው። አልተሳሳትኩም ካልሽ ደግሞ ጨርሶ ባይታጨድ ይሻላት እንደሆነ ቁርጡን ንገሪኝ። ከዚያ በኋላ የማደርገውን እኔ አውቃለሁ።

ገብረ ክርስቶስ ወልደየስ፤ ጣቱን አትሟል።

(ከጸሐፊው፦ የተናገሩትን ሁሉ አልጻፍኩም፤ ሁለት ቃል አስቀርቻለሁ። መልከ ጼዴቅ)


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ፣

ከልብ የመነጨ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለፈረስዎም ጭምር፤ አላስቀየመኝም፣ ማገጥ የምትሉትን ባለ ሦስት ቅጠል ተክል ባየ ቁጥር አንገቱን ዘቅዝቆ ከመቆሙ በቀር። መሪጌታ ያስቀሯቸውን ሁለት ቃላት ገምቻቸዋለሁ። ይገቡኛል።

ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ወረቀቱ ገና ረቂቅ ነው፤ የዓለምን እንስሳት ሁኔታ የሚመዘግቡት ሊቃውንት አይተው እስኪያጸድቁት ድረስ ይታረማል። የሚያሰጋት ነገር የሚለውን ስጽፍ ስለ ደጋ ሣር የሚጻፈውን የተለመደውን ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። የጓሳን ሥርዓት እያወቅሁ እንደማያውቅ ሰው ጻፍኩ። አስተካክለዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፣ በገበያ መናገርዎን ሽኩር ስላጫወተኝ ነው። ከፍተኛ ደረጃ ያልኩት የሹመት አይደለም፤ የአደጋ ደረጃ ነው። ከዚያ ደረጃ በላይ የቀረው "ጠፋች" የሚለው ብቻ ነው። ጠባቂዋ የሚደሰተው ደረጃዋ ሲወርድ ነው።

ቁርጡን ንገሪኝ ላሉኝ፣ ሣሩ ሳይነካ ቢያርፍላት የሚጎዳት አይመስለኝም። ይሻላታል ብዬ አስባለሁ።

ቤትዎ ሳድር ሰርግሽ መቼ ነው ብለው የጠየቁኝን ዛሬ ባልፈው ደስ ይለኛል።

ልጅዎ ትሕትና


ከጓሳ ሥር፣ የካቲት 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለዶክተር ትሕትና።

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዝም ያልሽበትን ነገር አልጠይቅም፤ እኔም ዝም የምልበት አለኝ።

ደረጃው የአደጋ ነው ማለትሽን መሪጌታ ሲያነብልኝ ወዲያው እንዲያቆም ነገርኩት። መሐል ሜዳ ገበያ መካከል ቆሜ "የእኛዋ ከሁሉም በልጣ ላይ ወጣች" ብዬ ነበር እኮ። ይሥሐቅ፣ አብሮኝ በሽማግሌነት የሚቀመጠው፣ ነገሩን ከሽኩር ሰምቶ ሲያገኘኝ ሁሉ "ገብሬ፣ ሞተች ወይስ ተሾመች?" ይለኛል። እንግዲያው ዝቅ አድርጊያት። እንድታደርጊው የሚያስችልሽን ነገር እኔ ሠርቻለሁ፤ ስሚ።

ዘንድሮ የጅባራ ተረተር የአጨዳ ተራ ነበር። ዓመታት ተዘግታ ሣሩ ደርሶ ሰው ማጭዱን ስሎ ጨርሷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሕዝቡ እንዳይበተን አደረግሁ። "ቢራቢሮዋን ልታጠፏት ነው ተብሎ ተጽፎብናል፤ ይኼን ወረቀት እኔ አሳፍረዋለሁ" አልኳቸው። ቄሱ መስቀሉን ያዙ፣ ግዝቱ ተነገረ፦ በዝታ እስክትታይ ድረስ ጅባራ ተረተር ላይ ማጭድም ከብትም አይገባ። ያለኝን ቃል ሁሉ ሰጠሁ። በአገሬ ቃሌ ከአጥር ይጠነክራል፤ ይኼን ለመዝገቡ ሰዎች ጻፊላቸው።

ይሥሐቅ ተቃወመ። ዝም አሰኘሁት። ሌላ የተናገረች አዛለች ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ከእኔ ቤት በታች ያለችው። የቤቷ ክዳን አርጅቷል፤ ዘንድሮ ከተረተሩ በሚደርሳት ሣር ልትከድን ነበር። ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ "ቢራቢሮዋ ጣሪያ ትሆነኛለች ወይ አንቱ?" አለችኝ። ሰው ሳቀ። ታገሺ አልኳት። ከጓሮዬ የገብስ ጭድ ላክሁላት፤ መለሰችው።

መዝጋት እንዲህ ነው። በወረቀትሽ ላይ አስጊ የሚለውን ፋቂና ጠባቂ ብለሽ ጻፊው።

ገብረ ክርስቶስ ወልደየስ


ከጓሳ ሥር፣ ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለዶክተር ትሕትና።

እንደምን ነሽ። ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ መንገዱ እንደምታውቂው ነው፣ የሽኩር መኪና ቆማ ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ገብሱ ደህና ነው፤ ውርጭ ከታችኛው ማሳ ትንሽ ነክቶ ተወው። በጎች ወልደዋል። ሞላሌ ያለችው ልጄ ሴት ልጅ ተገላግላለች። ቄሱ ጥርሳቸውን አሟቸው ተሽሏቸዋል።

ሣሩን ብታዪው! ጅባራ ተረተር ላይ ጓሳው ወገቤ ደርሷል። ነፋስ ሲመታው እንደ ባሕር ይተኛል፣ ይነሣል። ጭላዳዎቹ ውስጡ ገብተው ጀርባቸው ብቻ ይታያል። አያቶቼ ቢነሡ በእኔ አያፍሩም። ሽኩርን በጠዋት ይዤው ወጥቼ በስልኩ ፎቶ እንዲያነሣው አድርጌያለሁ፤ አውታር ሲያገኝ ይልክልሻል። ለመዝገቡ ሰዎች አሳዪልኝ። እንዲህ ያለ ሣር የት አለ በያቸው።

የአዛለች ቤት ክረምቱን አፍስሶባታል። ልጇ ቤት ሄዳ ከረመች። ይኼን የጻፍኩት ጠይቀሽኝ ስለሆነ ነው።

ስለ ቢራቢሮዋም ጠይቀሻል። ዘንድሮ ነፋስ በዝቶ ነበር። በነፋስ አትወጣም። እኔም ጉልበቴን አሞኝ ብዙ አልወጣሁም። ያልታየ ነገር ሁሉ የለም ማለት አይደለም።

ገብረ ክርስቶስ ወልደየስ

(ከጸሐፊው፦ በጉልበታቸው ነገር ጸሐፊው አልመሰክርም። ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ በየጠዋቱ ፈረሳቸውን ጭነው ወደ ተረተሩ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ማንንም አያናግሩም። መልከ ጼዴቅ)


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ፣

ለአዲሷ የልጅ ልጅዎ እንኳን ደስ አለዎ። ስለ ጉልበትዎ ግን አላምንዎትም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ሽኩር የላከልኝን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ሣሩ እርስዎ እንዳሉት ነው። እኔ የምፈልገውን ግን ከሣሩ ሥር አጣሁት። በመጣሁ ጊዜ መሬቱ ማገጥ በማገጥ ነበር፤ ፈረስዎ አላስሄድ ያለኝ በእሱ ነው። ቢራቢሮዋ እንቁላሏን የምትጥለው ማገጥ ላይ ብቻ ነው፤ ትሏም ሌላ ቅጠል አይበላም። በፎቶዎቹ ላይ አንድም ማገጥ የለም። ሣሩ ከተራው አልፎ ሳይታጨድ ሲረዝም ከሥሩ ያለውን ፀሐይ ነፍጎታል።

ይኼን አስቀድሞ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጨርሶ ባይታጨድ ይሻላታል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ መጥቼ ሳላይ ይሻላታል አልኩ። የአያቶችዎ ሥርዓት መዝጋት ብቻ አልነበረም፤ መክፈትም ነበረበት። እርስዎ ነግረውኛል፤ እኔ ግማሹን ነው የሰማሁት።

የምለምንዎ ከባድ ነገር ነው። ጅባራ ተረተር ይከፈት። ግዝት እንደሆነ አውቃለሁ። በሕዝብ ፊት የሰጡት ቃል መሆኑንም አውቃለሁ። እንዲሁ ከቀጠለ ግን በመዝገቡ ላይ የምጽፈው ደረጃ አይሆንም፤ ጠፋች የሚለው ቃል ነው የሚሆነው። ከዚያ ወዲያ የሚወርድ ነገር የለም።

ከፈለጉ በእኔ ያሳብቡ። ልጅቷ አሳሳተችኝ ይበሉ፤ እውነትም ነው።

ልጅዎ ትሕትና


ከጓሳ ሥር፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዶክተር ትሕትና።

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ከዚያ በኋላ ደጋግመሽ ጽፈሽ እኔ ዝም አልኩሽ። አልታመምኩም። ተቆጥቼ ነበር፤ በማን እንደተቆጣሁ እስክለይ ነው የቆየሁት።

መጀመሪያ ይኼን ልመልስ። በእኔ አሳብብ ያልሽው ስድብ ነው፤ ደግመሽ እንዳትጽፊው። እኔ ከልጅ ቀሚስ ኋላ የምደበቅ ሰው አይደለሁም። ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ ነው።

አላመንኩሽም ነበር። ሣር አጥፍቶ የሚያውቀው ምንን ነው? ባለፈው ጥቅምት እንደ ልማዴ ወጣሁ። ተረተሩን ዞርኩት፤ የለችም። ሳልዋሽ ልንገርሽ፣ አምና ጥቅምትም አላየኋትም ነበር፤ ነፋስ ነው ያልኩሽ እሱ ነው። ፈረሴን ከማስርበት ድንጋይ ሥር ተቀመጥኩ። ፈረሱ በገመዱ ልክ ዙሪያውን ግጦ መሬቱን እንደ ወለል አድርጎታል። ለካ በግዝቱ ላይ ከብት ያስገባሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ የእኔ ፈረስ ከብት መሆኑን ማንም አላስታወሰኝም። እዚያች ወለል ላይ ማገጥ አብቧል። ማገጡ ላይ አንዲት ሰማያዊ ተቀምጣለች። ክንፏን ገጠመች፣ አመድ ሆነች፤ ከፈተች፣ ሰማይ ሆነች። ከገመዱ ወዲያ፣ ያ ሁሉ የምመካበት ሣር ቆሟል፣ ባዶውን።

ከዚያ በኋላም እስከ የካቲት ዝም አልኩ። ይኼን ለመሪጌታ እንኳ አልነገርኩም። አጨዳ የሚከፈትበት ወር እየደረሰ ነበር። ብናገር ሰው ምን ይለኛል፤ ባልናገር የእሷ መጨረሻ የፈረስ ገመድ ልክ ሆነ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ግዝቱ በተነገረበት ደጅ ላይ ቀረብኩ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ለወጉ ያህል መዳፍ የምታክል ይዞ የሚመጣ ብዙ አለ። እኔ የቤቴን በር የማስደግፍበትን ትልቁን ነው ከቤቴ ጀምሬ የተሸከምኩት። ማንም አላዘዘኝም። ይሥሐቅ አይቶኝ "ገብሬ፣ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው ወይስ ልታስፈራራን?" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አንገቴም አላስቻለኝ።

እንዲህ አልኩ፦ "ተረተሩን የዘጋሁት ለቢራቢሮዋ ብዬ ብቻ አይደለም። አጥፊ ተባልኩ ብዬ ተናድጄ ነው። አያቶቻችን ሲዘጉ የሚከፍቱበትን ያውቁ ነበር። እኔ መዝጊያውን ያዝኩ፣ መክፈቻውን ጣልኩ። ማጭድ ይግባ።"

ድንጋዩን ከአንገት የሚያወርደው የተበደለው ሰው ነው፤ አዛለች መጣች። ሁለት ክረምት የፈሰሰባት እሷ ናት። ድንጋዩን ያዘችው፤ አልነቃነቅ አላት። እንደገና ያዘችው። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ፣ "ምነው ቀለል ያለ ቢይዙ አንቱ፤ ይቅር ባይም ወገብ አለው እኮ" አለችኝ። ይሥሐቅ ነው መጥቶ ያጋዛት። ለሁለት አወረዱልኝ። ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው ግዝቱን ፈቱ።

ድንጋዩን ልወስድ ስል አዛለች ከለከለችኝ። "ይኼ ወደ ቤትዎ አይመለስም፤ ደጄ ላይ መቀመጫ ይሆነኛል" አለች። ይሥሐቅና ወንድሙ አደረሱላት። የቤቴን በር የማስደግፍበት ስላጣሁ ነፋስ ያንኳኳዋል።

በማግሥቱ ተረተሩ ታጨደ። የመጀመሪያው ሸክም ለአዛለች ክዳን ወጣ። ቆመሽ ብታዪ ደስ ይልሽ ነበር፤ እኔም ማጭድ ይዤ ከወጣቶቹ እኩል ገባሁ፣ ከአንዳንዶቹም ቀደምኩ። ጉልበቴ ምንም አላለኝም።

ትመጣለች አትመጣም አልልሽም። መሬቱን ለፀሐይ ሰጥተናል።

ገብረ ክርስቶስ ወልደየስ

(ከጸሐፊው፦ ከአጨዳው በኋላ ሳምንት ተኝተዋል። ይኼን እንድጽፍ አልፈቀዱም። መልከ ጼዴቅ)


ከጓሳ ሥር፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለዶክተር ትሕትና።

ደስታና ጤና ከቤትሽ አይጥፋ። መሪጌታ ዛሬ የፈለገውን ያህል ሰላምታ እንዲጽፍ ፈቅጄለት ነበር፤ ሲፈቀድለት ይቺን ብቻ ጻፈ።

ስንት ናት ብለሽ ጠይቀሻል። መጀመሪያ ከፈረሱ ድንጋይ አጠገብ ቆጠርኩ። ወደ መካከል ስገባ ከእግሬ ሥር እየተነሡ የቆጠርኳትን ካልቆጠርኳት መለየት አቃተኝ። ይሥሐቅን ይዤው ወጥቼ "አንተ ቁጠር" አልኩት። እሱም ተምታታበት። ከዚያ "ገብሬ፣ ሞቷን ስጠብቅ ተሾመች" አለ። ሽኩር ከአጨዳው በኋላ ያለውን መሬት በስልኩ አንሥቷል። ሣሩ አጭር ነው፤ አትዘኚ። ከሥሩ ያለውን እዪ።

ተረተሩን መልሰን ዘግተነዋል። አትደንግጪ። በዘጋንበት ቀን የሚከፈትበትን ዓመት አብረን አስነግረናል፤ እኔ ብኖርም ባልኖርም የሚከፍተው ይሥሐቅ ነው። በዚህ ሥራ እንደማይዘገይ አውቃለሁ፤ እኔን ለመቅደም ሲል ያደርገዋል።

የሚያሰጋት ነገር በሚለው ቦታ ምን ልጻፍ ብለሻል። የተናደደ ሽማግሌ ብለሽ ጻፊ። የመዝገቡ ሰዎች ካልተስማሙ ተዪው። የሚጠብቃት በሚለው ቦታ ግን አትደራደሪ፦ የመንዝ ሰው፣ በሥርዓቱ ዘግቶ በሥርዓቱ የሚያጭድ። እሱን አስምሪበት።

ደረጃዋ ቶሎ አይወርድም፣ ሊቃውንቱ ዓመታት ይጠብቃሉ ያልሽው አልከፋኝም። ይጠብቁ። ጠባቂነት ምን እንደሆነ ለእኔ ማንም አይነግረኝም። እኔ ለመውረድ አንድ እሑድ በቃኝ፤ እሷ ቀስ ትበል።

ሲወርድ ግን ወረቀቱን በሽኩር እንዳትልኪው። ይዘሽው ነይ፤ ዝም ያልሽበትንም ሰው ይዘሽው ነይ፣ አልጠይቅሽም ብያለሁ እንጂ አላየውም አላልኩም። ፈረሴ ማገጥ ካየ አሁንም አይሄድም፤ ከእንግዲህ አላስቸኩለውም። አዛለች ቤት እንገናኛለን፤ ክዳኗ አያፈስም። ድንጋዩ ደጇ ላይ ነው፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። እሱ ላይ ተቀምጠሽ ታነቢልኛለሽ፣ እኔ ቆሜ እሰማለሁ።

ገብረ ክርስቶስ ወልደየስ፤ ጣቱን አትሟል።

(ከጸሐፊው፦ ዛሬ ምንም ቃል አላስቀረሁም። መልከ ጼዴቅ)